አምስት ልጆች አጥተን ነው? በውጭ አገር ስለሚያድጉ ልጆቻችን ትምህርት

ከስፖንጋ፣ ስቶክሆልም



በየለቅሶው፣ በየክርስትናውና በየሠርጉ ከፖለቲካው ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጆቻችንን የት እናስተምር? አንዱ የሰፈሬ የኮሙዩን ትምህርት ቤት ልጄን አበላሸብኝ ይላል። ሌላው በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ፍሪስኩላ ወረፋ ይዤ ስንት ዓመት ጠበቅሁ ይላል። አንዲት እናት ደግሞ ልጄን አዲስ አበባ አያቱ ዘንድ ልኬ ላስተምረው ቆርጫለሁ ትላለች። ሁሉም ለልጁ መልካም የሚመኝ ወላጅ ነው። ሌሊት አውቶቡስ የሚነዳ፣ ሆስፒታል የሚያጸዳ፣ አረጋውያንን የሚንከባከብ፣ ልጁ ከእርሱ የተሻለ ኑሮ እንዲኖር የሚለፋ ነው። በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል ግን በእጃችን ያለውን፣ ሕግ የሰጠንን፣ አንድ ክሮና የማያስከፍለንን መብት የሚያነሳ ሰው ብዙ አልገጠመኝም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መብት ነው።

እኔ መሐንዲስ እንጂ የትምህርት ባለሙያ አይደለሁም። ዶክትሬቴን በባዕድ አገር ጨርሼ፣ በሙያዬ ሠርቼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የመሐንዲስ ልማድ ግን በጡረታም አይለቅም። አማራጮችን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ጥቅማቸውን፣ ወጪያቸውንና አደጋቸውን መመዘን ነው። እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

አገር ቤት መላክ

«እዚህ ከሚበላሽ አገሩ ሄዶ ሥርዓት ይማር» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደሚመነጭ እረዳለሁ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ በቴንስታና በሪንከቢ፣ የወሮበላ ቡድኖች ጢም ያላበቀለ ልጅ ምን እንደሚያሠሩ የዚህ አካባቢ ወላጅ ከጋዜጣ አይደለም የሚሰማው። ይሁንና መድኃኒቱ ከበሽታው እንዳይብስ ሒሳቡን እንሥራ።

አንደኛ፣ ልጁ የሚላከው «ቋንቋውን እንዲያውቅ» ከሆነ፣ አብዛኛው ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ልጅ የሚገባው በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ነው። እዚያ አማርኛ ከብዙዎቹ የትምህርት ዓይነቶች አንዱ ነው። ያውም ጓደኞቹ በእንግሊዝኛ መቀላቀልን እንደ ሥልጣኔ የሚያዩ የደላቸው ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አማርኛ ፍለጋ ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ሄዶ እንግሊዝኛ ይዞ መመለስ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ የአገራችን ትምህርት የደረሰበትን ደረጃ መካድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2022 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2023 3.2 በመቶ፣ በ2024 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ጥሩ የግል ትምህርት ቤቶች የሉም አልልም፤ አሉ። ነገር ግን በ2024 መቶ ተማሪ ተፈትኖ ዘጠና አራቱ የወደቀበትን ሥርዓት ለልጅ ማረሚያ ብሎ መምረጥ ምን ማለት ነው? በአማራ ክልል ከ2023 ጀምሮ በተቀጣጠለው ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕጻናት ከትምህርት ገበታ ሲርቁ፣ እኛ ከሰላም አገር ልጅ ወደዚያ ስንልክ ቢያንስ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል።

ሦስተኛውና ብዙዎቻችን የማናስበው መመለሱ ነው። ልጁ ከስድስት ወር በላይ ውጭ ሲቆይ የልጆች አበሉ (ባርንቢድራጉ) ይቆማል። ይህ እንኳ ትንሹ ነው። በአሥር ዓመቱ የሄደ ልጅ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሲመለስ ስዊድንኛው የአሥር ዓመት ልጅ ስዊድንኛ ነው፤ እሱም ካልጠፋ። እዚህ ወደ ሁለተኛ ደረጃ መደበኛ መስመር ለመግባት በስዊድንኛ፣ በእንግሊዝኛና በሒሳብ ማለፍ፣ ከዚያም ሌሎች ትምህርቶችን መጨመር የግድ ነው። ይህን ያላሟላ ልጅ፣ እዚሁ ስቶክሆልም የተወለደ ቢሆንም፣ ትናንት ከአውሮፕላን ከወረደ ስደተኛ ጋር በቋንቋ ማስተዋወቂያ ክፍል ይቀመጣል። ከሁለት ያጣ ጎመን ይሏል ይህ ነው።

አራተኛው በገንዘብ የማይመዘን ነው። ልጅ ሥርዓት የሚማረው ከአባትና ከእናቱ ነው። አያት ትልቅ ሀብት ናት፤ ነገር ግን ዕድሜዋ የገፋ አያት በቪዲዮ ስልክ ብቻ የሚያያቸውን ወላጆች ልትተካ አትችልም። በበጋው የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጁን ይዞ ሄዶ ከዘመድ ጋር አክርሞ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ከልቤ እደግፋለሁ።

ፍሪስኩላና የሰንበት ትምህርት

ስዊድን በ1992 ባደረገችው ለውጥ ወላጅ የመረጠውን ትምህርት ቤት፣ የግልም ቢሆን፣ በመንግሥት ገንዘብ እንዲያስተምር ተፈቅዷል። ከዚያ ወዲህ በርካታ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ከስፖንጋና ከቴንስታ በባቡር ወደ መሀል ከተማ ወይም በእንግሊዝኛ ጭምር ወደሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ይልካሉ። ይህን አልነቅፍም። ጥሩ መምህርና ጸጥ ያለ ክፍል ያለበትን መፈለግ የወላጅ ሥራ ነው። ነገር ግን እንግሊዝኛን የስዊድን ልጅ በየትኛውም ትምህርት ቤት፣ በቴሌቪዥንም፣ በኮምፒውተር ጨዋታም ይማረዋል። ከየትም የማያገኘውና ከእኛ ውጭ ሰጪ የሌለው የራሱ የቤተሰቡ ቋንቋ ነው።

አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የኮሚኒቲ ማኅበራት በቅዳሜና እሑድ ፊደል የሚያስቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች አሏቸው። ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ ዘላቂነት ነው። መምህሩ ፈረቃ ሲቀየርበት ክፍሉ ይዘጋል፣ ማኅበሩ ሲከፈል ክፍሉም አብሮ ይከፈላል። በመንግሥት በጀትና በሕግ የቆመ ነገር ሲኖር እርሱን ትቶ በበጎ ፈቃድ ላይ ብቻ መቆም መሠረት ሳይቆፍሩ ግድግዳ ማቆም ነው።

ሕጉ የሰጠን

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው የቤት ቋንቋ ሕግ ኮሙዩኖች ለስደተኛ ልጆች የወላጆቻቸውን ቋንቋ እንዲያስተምሩ ግዴታ ጣለች። ስሙ በኋላ ተለውጦ ዛሬ «ሙደሽሞል» የምንለው፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ሆነ። በ1990ዎቹ የበጀት ቅነሳ ቢያዳክመውም መብቱ በ2010 በወጣው የትምህርት ሕግ ውስጥም ጸንቶ ይገኛል።

ሁኔታዎቹ እነዚህ ናቸው። ከወላጆች ቢያንስ የአንዱ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ከስዊድንኛ ሌላ መሆን አለበት። ቋንቋው በቤት ውስጥ ዕለት ተዕለት የሚነገር መሆን አለበት። ልጁም የቋንቋው መሠረታዊ ዕውቀት ሊኖረው ይገባል። በአንድ የትምህርት ቤት ባለቤት ሥር ቋንቋውን የሚፈልጉ ቢያንስ አምስት ተማሪዎች ካሉና ብቁ መምህር ከተገኘ፣ ትምህርቱን ማዘጋጀት ግዴታ ነው። ለኮሙዩን ትምህርት ቤቶች ባለቤቱ ከተማው ነው። ስለዚህ አንዱ ልጅ ስፖንጋ፣ ሌላው ሺስታ፣ ሦስተኛው ፋርስታ ቢሆንም አብረው ይቆጠራሉ። ለፍሪስኩላ ግን ባለቤቱ ያ ድርጅት ነው። ልጁን ወደ ትንሽ ፍሪስኩላ ያዛወረ ወላጅ አምስቱን ላያገኝ ይችላል። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ይህንንም መዝኑ።

ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ውጤት ይሰጥበታል። የዘጠነኛ ክፍሉ ውጤትም ለሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ሊቆጠርለት ይችላል። ከዚህ ሌላ ስዊድንኛው ገና ላልጠነከረ ልጅ ሒሳቡንና ሳይንሱን በራሱ ቋንቋ የሚያስረዳው አጋዥ የማግኘት መብት አለ። ይህን የማያውቅ፣ ልጁ «ሰነፍ» ተብሎ ዝም ያለ ወላጅ ጥቂት አይደለም።

አሁን ከላይ ካሉት ሁኔታዎች ሁለቱን ደግማችሁ አንብቡልኝ። ቋንቋው በቤት የሚነገር መሆን አለበት፤ ልጁም መሠረቱን ማወቅ አለበት። ማለትም መብቱ በፓርላማ ቢጸድቅም ቁልፉ የተቀመጠው ወጥ ቤታችን ውስጥ ነው። ልጁ ዳጊስ ከገባ ጀምሮ በተሰባበረ ስዊድንኛ ያናገርነው ወላጆች፣ ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው የሕግ መብቱን በገዛ እጃችን አጥፍተንበታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቢጮህ የሚሰማ ዳኛ የለም።

ለምን አንጠቀምበትም?

የምሰማቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «አማርኛ ስዊድንኛውን ያበላሽበታል» የሚል ነው። ይህ እምነት የተስፋፋ ቢሆንም መረጃው አይደግፈውም። የስዊድን የትምህርት ባለሥልጣን ስኩልቨርኬት በ2008 ባወጣው ዘገባ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት የተከታተሉ ልጆች ካልተከታተሉት የተሻለ አማካይ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። እንደ መሐንዲስ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ልጆቻቸውን የሚያስመዘግቡት ወላጆች ለትምህርት ይበልጥ የሚጨነቁ ሊሆኑ ስለሚችሉ ልዩነቱ ሁሉ ከቋንቋው የመጣ ነው አልልም። ጎዳው የሚለው ወሬ ግን ውድቅ ነው። አንድ ነገር በአንድ ቋንቋ በደንብ የገባው ልጅ ሐሳቡን ወደ ሁለተኛው ይዞት ይሻገራል። እኛ ራሳችን የአገር ቤት ሰዎች በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ አስበን፣ በእንግሊዝኛ ተምረን፣ በስዊድንኛ ሠርተን የኖርን ምስክሮች ነን። ልጁን የሚጎዳው ሁለት ቋንቋ ማወቁ ሳይሆን ከእናቱ ጋር በሃምሳ ቃላት ብቻ መነጋገሩ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ክፍፍላችን ነው። በግልጽ ልናገር። የአገር ቤቱ የቋንቋ ፖለቲካ እስከ ስፖንጋ ተከትሎን መጥቷል። አንዱ ከሌላው ወገን ልጅ ጋር አንድ ዝርዝር ላይ ስሙ እንዳይሰፍር ይሸሻል። አንዱ በመምህሩ አመለካከት ይጣላል። አንዱ ባንዲራው የትኛው ነው ብሎ ይጠይቃል። የስዊድን ሕግ ግን ፓርቲ አይጠይቅም። አማርኛ የሚፈልግ አማርኛ፣ ኦሮምኛ የሚፈልግ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ የሚፈልግ ትግርኛ ያስመዝግብ። የአንዱ መብት የሌላውን አይቀንስም። የሚጠየቀው አምስት ልጅ ብቻ ነው። ከሶማሌ ወንድሞቻችን ልጆች ብዙዎቹ ይህን መብት ይጠቀሙበታል፤ ሶማልኛ በአገሪቱ ብዙ ተማሪ ካላቸው የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አንዱ ነው። እነርሱ ፖለቲካ የላቸውም ያለው ማነው? ልጆቻቸውን ግን ከፖለቲካው ለይተው አስመዘገቡ።

ሦስተኛው ምክንያት እውነተኛ ችግር ነው። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ሰዓት በኋላ፣ ልጁ ሲደክመው፣ አንዳንዴም ሌላ ትምህርት ቤት ተሂዶ የሚሰጥ ነው። ሕጉ የሰዓቱን መጠን አልወሰነም፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሆን በዓመት ከ40 ሰዓት አይበልጥም። መምህርም አንዳንዴ ይጠፋል። እዚሁ ከተማ አንዲት እናት ሦስት ጊዜ ጠይቃ ሦስቴም «መምህር የለም» ተብላ እንደተመለሰች ነግራኛለች። በዚያው ሰፈር ግን አገር ቤት ለዓመታት ያስተማረ ሰው ምግብ ቤት ሳህን ሲያጥብ አውቃለሁ። አንዱ ሌላውን ያላወቀው የሚያገናኛቸው ዝርዝር ስላልነበረ ነው።

ከሪንከቢ ጎረቤቶቻችን እንማር

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ከፊንላንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ወደ ስዊድን ፋብሪካዎች መጥተው ነበር። እነርሱም እንደኛ በፈረቃ የሚሠሩ፣ ቋንቋቸው የተናቀ፣ ልጆቻቸው በክፍል ውስጥ ዝም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። በ1984 የሪንከቢ ፊንላንዳውያን ወላጆች ልጆቻቸው በፊንላንድኛ እንዲማሩ ጠይቀው እንቢ ሲባሉ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ለሳምንታት አድማ መቱ። ከስፖንጋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተደረገ ነው። በ1990 በስቶክሆልም የስዊድን ፊንላንዳውያን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ2000 ፊንላንድኛ ከአገሪቱ ብሔራዊ አናሳ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በሕግ ታወቀ።

እኛ ቁጥራችን ከእነርሱ ያነሰ ነው፤ ፊንላንድም ጎረቤት አገር ናት። ይህን አውቃለሁ። አድማ ምቱ እያልኩም አይደለም። እነርሱ የታገሉት ያልነበረ ነገር ለማስገኘት ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ግን ያለውን ፎርም መሙላት ብቻ ነው!

የአገር ቤቱ መንግሥትስ?

ሌሎች አገሮች ዜጎቻቸው ውጭ ሲሠሩ ልጆቻቸውን አይረሱም። ስዊድን በውጭ ላሉ የስዊድን ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ድጎማ ትሰጣለች። ፈረንሳይ በዓለም ዙሪያ ከ500 በላይ ትምህርት ቤቶች ያሉት መረብ አላት፤ አዲስ አበባ ያለው ከ1947 ጀምሮ የሚያስተምረው ሊሴ ገብረማርያም ከእነርሱ አንዱ ነው። የኛ ወገኖችስ? በጅዳና በሪያድ በሰው ቤትና በግንባታ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን ያስተማሩት ራሳቸው በሚከፍሉት ገንዘብ በቆሙ የኮሚኒቲ ትምህርት ቤቶች ነው።

የዲያስፖራውን ኪስ ግን ማንም አልረሳውም። በ2011 የግድቡን ቦንድ ግዙ ተባልን። በ2018 በቀን አንድ ዶላር ተባልን። በ2022 መግቢያ «ታላቁ ወደ አገር ቤት ጉዞ» ተባለ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ሁለተኛው ትውልድ ወደ ሥሩ እንዲመለስ ተጋበዘ። ጥሪው ባልከፋ፤ ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ወደየትኛው ሥር ይመለሳል? እኔ በምኖርበት ሰፈር እስከ ዛሬ ከኤምባሲ የመጣ አንድ የልጆች የንባብ መጽሐፍ አላየሁም። ማንም ይግዛ ማን፣ ልጆቻችንን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ደግ ባለሥልጣን ያስተምርልናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ይህ መብት ለዘላለም አይደለም። ዴንማርክ በ2002 ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጡ ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋ የማስተማርን የኮሙዩኖች ግዴታ ሰርዛለች። እዚህም ስዊድን ዴሞክራቶች የሚባለው ፓርቲ በሕዝብ ገንዘብ የሚሰጠው ይህ ትምህርት እንዲቀር ለዓመታት ሲሟገት ኖሯል። ከ2022ቱ ምርጫ በኋላም በቲዶ ስምምነት የመንግሥቱ ደጋፊ እስከመሆን ደርሷል። ተጠቃሚ የሌለውን መብት መሰረዝ ቀላል ነው። የሚጠቀምበት ሲበዛ ግን የሚነካው ያስብበታል።

ስለዚህ የምለው እነዚህን ነው።

1ኛ፦ ልጆቻችሁን በቤት በቋንቋችሁ ብቻ አነጋግሩ። በስዊድንኛ ቢመልሱላችሁም እናንተ አትለውጡ። ስዊድንኛውን መምህሩ ያስተምርላችኋል፤ ከእናንተም የተሻለ ያስተምረዋል።

2ኛ፦ ልጁ ትምህርት ሲጀምር የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ማመልከቻ ሙሉ። «የለም» ከተባላችሁ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተሰጠ «የለም» ማንንም አያስጠይቅም።

3ኛ፦ እድሮቻችን ለቀብር የሚሆን ዝርዝር አላቸው። ለትምህርትም አንድ ዝርዝር ይያዙ፤ በየኮሙዩኑ ስንት ልጅ አለ፣ ማን የማስተማር ሙያ አለው? አንድ ደብተር ይበቃል።

4ኛ፦ ከሦስት ዓመት በላይ የተመዘገበ ነዋሪ ዜግነት ባይኖረውም በኮሙዩን ምርጫ ይመርጣል። ይህ መብት ከ1976 ጀምሮ ያለ ነው። ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው ኮሙዩን ነውና ድምፃችንን ሊጠይቅ የሚመጣውን ሁሉ ስለዚህ ጉዳይ እንጠይቀው።

5ኛ፦ የቅዳሜው ትምህርት ይቀጥል፤ ግን ፖለቲካችንን በር ላይ አውልቀን እንግባ።

በዕድሜ እንደኔ ለገፋችሁ አንድ ነገር ልበል። ሰው ሲያረጅ፣ በተለይ የመርሳት በሽታ ሲመጣ፣ ቀድሞ የሚከዳው በኋላ የተማረው ቋንቋ ነው። በዚህ አገር ያረጁ ፊንላንዳውያን ስዊድንኛቸው ጠፍቶ በልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ሲቀሩ ታይቷል። እኛም ተራችን ይደርሳል። ያን ጊዜ አልጋችን አጠገብ የሚቆመው ልጅ «ውሃ ስጠኝ» ስንለው ይሰማን ይሆን? ወይስ አስተርጓሚ በስልክ ይጠራልን? የዛሬው የማመልከቻ ወረቀት የሚወስነው ይህንንም ጭምር ነው።

አምስት ልጆች ብቻ ነው የተጠየቅነው። በስቶክሆልም ሰማይ ሥር አምስት ልጆች አጥተን አይደለም፤ አምስት ወላጆች አንድ ወረቀት ላይ መፈረም አቅቶን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን የምንተርት ሕዝብ ለአምስት ፊርማ አንነስ።

ቸር ይግጠመን!